በጋዋኔ ውስጥ የደበቅኩት ክብደት

መጀመሪያ ያቃተኝ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ። አዲሱ ገበያ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ስፌት መኪና ፊት ተቀምጫለሁ፤ ክር ማስገባት ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ሥራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን ክሩም መርፌውም ሁለት ሁለት ሆኑብኝ። ዕድሜ ነው ብዬ ከመንገድ ዳር መነጽር ገዛሁ። ቀጥሎ ውኃ ጥሙ መጣ። ትልቁ የውኃ ጠርሙስ ከምሳ በፊት ያልቃል፤ የደንበኛ ልክ እየወሰድኩ መሀል ላይ ሜትሩን ጥዬ ወደ ሽንት ቤት እሮጣለሁ። ሙቀቱ ነው አልኩ። በኅዳር፣ በጉለሌ ብርድ! ሰው ማመን ካልፈለገ የማያመጣው ሰበብ የለም።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ ሚዛን ላይ አቆመችኝና ቁጥሩን ጮክ ብላ ለጓደኛዋ ነገረቻት። ዘጠና ስምንት ኪሎ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ መሰለኝ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት ነበር። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ወረቀቱን አይታ ቀና አለችና፣ «ታይፕ ቱ የሚባለው የስኳር ሕመም ነው። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ። ክብደቱን ደግሞ አብረን እንቀንሳለን» አለችኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ከስኳሩ ይልቅ ያሳፈረኝ ሚዛኑ ነው። የሰው ወገብ እየለካሁ የኖርኩ ሴት ነኝ። የማንንም ሆድና ዳሌ በዓይኔ ገምቼ አልሳሳትም። የራሴን ወገብ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ሜትር አላስነካሁትም ነበር። ቀሚሴን ሁሉ በላስቲክ ነበር የምሰፋው፤ ላስቲክ አይናገርምና።

ያን ጊዜ ግን ጨከንኩ። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት አንድ ሰዓት መሄድ ጀመርኩ፤ በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ የመብራት ምሰሶ ጋ ቆሜ ነበር የምተነፍሰው። እንጀራዬን በግማሽ፣ ሻዬን ያለ ስኳር አደረግኩ። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ሃያ አራት ኪሎ ቀነስኩ። ሰባ አራት ገባሁ። ሐኪሟ ደስ አላትና መድኃኒቱን በቀን ወደ አንድ ዝቅ አደረገችው። ከክፍሉ ስወጣ በር ላይ አስቁማ ያለችኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ስኳሩ የተስተካከለው ክብደቱም መድኃኒቱም አብረው ስለሠሩ ነው። በራስዎ እንዳያቆሙት።»

በራሴ አቆምኩት።

ለምን እንዳቆምኩ ለመናገር ስለ ጸሎት ቤታችን መናገር አለብኝ። ዘማሪ ነኝ፤ የኳየሩን ጋዋን የምሰፋውም እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የምስክርነት ሰዓት አለ። ጌታ አንድ ነገር ያደረገለት ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ይናገራል፤ ጉባኤው አሜን ይላል። ብዙ እውነተኛ ነገር ሰምቼበታለሁ፤ እኔም ያመንኩት በሰው ምስክርነት ነው። ነገር ግን «እየተሻለኝ ነው፣ መድኃኒቴንም እየወሰድኩ ነው» ብሎ የሚመሰክር ሰው አይቼ አላውቅም። ታምሜ ነበር፣ ተጸለየልኝ፣ ድኛለሁ ነው የሚባለው። እኔ ስከሳ ያየኝ ሁሉ «ጌታ ፈወሰሽ አይደል?» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ክኒን በቦርሳዬ ይዤ አሜን እላለሁ። ክኒኑ አሳፈረኝ። እምነቴ የጎደለ አስመሰለብኝ። ስለዚህ ተውኩትና በሁለተኛው ሳምንት ጋዋኔን አጥብቤ መድረክ ላይ ወጣሁ።

«ጌታ ስኳሬን ወስዶልኛል። ያለ መድኃኒት እየኖርኩ ነው» አልኩ።

ሁለት ሳምንት ነው አላልኩም። ዳገቱን አልጠቀስኩም። ግማሹን እንጀራ አልጠቀስኩም። አሥራ አንድ ወር የዋጥኩትን ክኒን አልጠቀስኩም። አሜኑ ጣሪያውን ነቀነቀው። ከሦስተኛው መደዳ እትዬ ብርቄ እጃቸውን ዘርግተው ሲያለቅሱ አየኋቸው።

እትዬ ብርቄ ጎረቤቴ ናቸው፤ ከዊንጌት ወረድ ብሎ ካለው ሰፈራችን። በወጣትነታቸው ከሱሉልታ በኩል መጥተው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሴት ልጃቸውን ሰላምን ብቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። እኔን እጄን ይዘው ወደ ኳየሩ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ስኳር ከያዛቸው ከእኔ ይቆያል። የሚወስዱትም ያንኑ መድኃኒት ነበር።

ከምስክርነቱ በኋላ ወደ ሐኪሟ መሄድ አልቻልኩም። ምን ልበላት? ቀጠሮው አለፈ፤ ቀጣዩም አለፈ። ረሀቡ ግን ቀጠሮውን አክባሪ ነበር። ጥር ገባ፣ የሚዜ ልብስ ሥራ በዛ፣ ዳገቱን «ሠርጉ ይለፍና» እያልኩ ተውኩት። ሱቄ ውስጥ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መጋረጃ አለ። እዚያ ገብቼ መብላት ጀመርኩ። ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳ፣ ደረቅ ዳቦ። መጋረጃውን ስቤ፣ ቆሜ፣ ሳላጣጥም። አንዳንዴ ደንበኛ ከውጭ «እህቴ፣ አለሽ?» ስትል አፌ ሞልቶ መልስ አጣለሁ። የምበላውን ያህል አልራበኝም ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይሞቃል።

በእኔ ሙያ ላይ ደግሞ አንድ መጥፎ ዕድል አለ፤ ክብደትን ለመደበቅ ከልብስ ሰፊ የሚሻል የለም። ጋዋኑ ሲጠበኝ ጎንና ጎኑን ተርትሬ አንድ ጣት የሚያህል ጨርቅ ጨመርኩበት። ከወር በኋላ ሌላ ጨመርኩ። በአንድ ዓይነት ጨርቅ፣ በአንድ ዓይነት ክር ስለሆነ ከውጭ አይታወቅም። ከአርባ ሰው መሀል ቆሜ ስዘምር ጋዋኑ ልክ እንደ ድሮው ይወርድልኛል። አሁንም ሰዎች «አሁንማ አንቺ ምስክር ነሽ» ይሉኛል። አሜን እላለሁ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ሰላም ሱቄ መጣች። አልተቀመጠችም።

«እማዬ ሆስፒታል ተኝታለች። ጫማ ልጧት ነበር፣ አልተሰማትም። ቁስሉ ጠቁሮ ነው ያየሁት።»

«መድኃኒታቸውን…» አልኩ።

«ካቆመች ሰባት ወር ሆኗታል። ካንቺ ምስክርነት ጀምሮ።»

ከግራ እግራቸው ሁለት ጣት ተቆረጠ።

ላያቸው ሄድኩ። ነጠላዬን ሰፋ አድርጌ ለበስኩ። አልጋው አጠገብ ቆምኩ። እጄን ያዙኝና፣ «ትዕግሥትዬ፣ ተባረኪ መጣሽልኝ። እኔ እኮ የእምነቴ ማነስ ነው። ያንቺን ያህል ቢሆን ይፈውሰኝ ነበር» አሉኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «አይዞዎት» አልኩ። ወጣሁ። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለ ሱቅ ብስኩት ገዝቼ ታክሲ ውስጥ ጨረስኩት።

በማግስቱ ወደ ሐኪሟ ሄድኩ። ዘጠና ሦስት ኪሎ፤ ስኳሩ ሦስት መቶ አሥራ አንድ።

«መድኃኒቱን ማን ነው አቁሙ ያለዎት?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ መጋረጃውን፣ ጋዋኑን፣ እትዬ ብርቄን። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ብዕሯን አስቀመጠችና፣ «ክብደት መቀነስ አንድ ሥራ ነው፤ ይዞ መቆየት ሌላ ሥራ ነው። ሰውነት ወደ ነበረበት ለመመለስ ይታገላል፤ ረሀቡ የሚጨምረው ለዚህ ነው። ሲመለስብዎት መምጣት ነበረብዎት። የተመለሰ ክብደት ይታከማል፣ የተደበቀ ግን እንዴት አድርጌ አክማለሁ?» አለችኝ። ሜትፎርሚኑ በቀን ወደ ሁለት ተመለሰ።

እትዬ ብርቄ ከሆስፒታል ሲወጡ ጋዋኔን በፌስታል ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሰላምም ነበረች። ጋዋኑን ገልብጬ ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁትና የጨመርኳቸውን ጨርቆች አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ስመሰክር ክኒኑን ካቆምኩ ገና ሁለት ሳምንቴ እንደነበር ነገርኳቸው። ክብደቱ እንደተመለሰ ነገርኳቸው። «የእምነትዎ ጉድለት አይደለም፤ የእኔ ውሸት ነው» አልኩ።

ሰላም ተነሳች። «እናቴ ሁለት ጣቷን ያጣችው አንቺ መድረክ ላይ እንድታምሪ ነው?» ብላ በሩን ዘግታ ወጣች።

እትዬ ብርቄ ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ስፌትሽስ ያምራል» አሉ። «እኔ አንቺን ይቅር እላለሁ፣ ለኔ ይህ አይከብደኝም። ግን ለኔ ብቻ ነግረሽ ምን ይረባል? ያን ቀን የሰማሁሽ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? የተናገርሽበት ቦታ ሄደሽ ንገሪያቸው።»

ይህ ከዳገቱም ከረሀቡም ይብሳል። ሦስት እሑድ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። በአራተኛው የአገልግሎት አስተባባሪያችንን ለምስክርነት ሰዓት ለመንኩት፤ ሌላ ድል ያመጣሁ መስሎት ፊቱ በራ። መድረኩ ላይ ጋዋኑን ገልብጬ ለብሼ ወጣሁ። ስፌቱ፣ ክሩ፣ የተጨመረው ጨርቅ ሁሉ ይታያል። ጉባኤው አሜን ለማለት ተዘጋጅቷል።

«ባለፈው የነገርኳችሁ ግማሹ ውሸት ነው» ብዬ ጀመርኩ።

አሜን ያለ ሰው አልነበረም። ስጨርስም አልነበረም። ወረድኩና መጨረሻው መደዳ ላይ ተቀመጥኩ። ስብሰባው ሲበተን ማንንም ላለማየት ወደ በሩ ስጣደፍ አንዲት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። አጠገቧ ያለው ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብላ፣ «የደም ግፊት መድኃኒቴን ካቆምኩ አራት ወር ሆነኝ። ነገ ብሄድ ይቆጡኛል?» አለች። «አይቆጡሽም፤ አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት። ከእሷ ኋላ ሌላ ሴት ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፤ ዛሬ ሰማንያ ስድስት ኪሎ ነኝ፤ ስኳሬም ሐኪሟ በምትፈልገው ልክ ላይ ነው፣ መድኃኒቴንም በቀን ሁለቴ፣ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፊት ሳይቀር፣ በውኃ እውጣለሁ። ሰባ አራት አልተመለሰም። ለምን ብዬ ስጠይቃት ሐኪሟ፣ «ሰባ አራትን እርሱት፤ ሰማንያ ስድስትን ይዘው ቢቆዩ እኔ ደስተኛ ነኝ» አለችኝ። የመለኪያውን መጋረጃ በግማሽ አሳጠርኩት፤ አሁን ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ እስከ ጉልበቱ ይታያል፣ ለልብስ መለካት ይበቃል፣ ለመደበቅ አይመችም። አሁንም አንዳንድ ቀን ቦምቦሊኖ ያሸንፈኛል። ግን ተቀምጬ፣ ሰው እያየኝ ነው የምበላው፤ ሲያዩኝ ደግሞ አንድ ይበቃኛል።

ይህን የምታነቡና ኪሏችሁ የተመለሰባችሁ ሰዎች፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። በተመለሰበት ሳምንት ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ፤ እንደ እኔ ሰባት ወር አትቆዩ። ኀፍረቱ ከእናንተ ጋር ይሂድ፣ ግድ የለም፣ እኔም ይዤው ነው የምሄደው። ጸልዩ፣ እኔም እጸልያለሁ፤ መድኃኒቱን ግን ያዘዘው ሐኪም ሳያቆመው አታቁሙ። ስኳር ያለባችሁ፣ ማታ ማታ ካልሲያችሁን አውልቁና እግራችሁን እዩ። መናገር ካማራችሁ ደግሞ ዳገቱንም ክኒኑንም ጨምራችሁ ተናገሩ፤ የሚሰማችሁን ሰው አታውቁትምና።

ሐኪሜን አመሰግናታለሁ፤ ቁጥሬን ጮክ ብላ አንብባው አታውቅም። ሰላምን አመሰግናታለሁ፤ አምስት ወር ሰላም ሳትለኝ ቆይታ፣ አንድ ቀን ሱቄ መጥታ ጫፉን እንዳሳጥርላት ቀሚሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።

እትዬ ብርቄን ግን ምን ብዬ ላመስግን? እሑድ እሑድ አብረን ነው ወደ ጸሎት ቤት የምንሄደው። ሐኪም ያዘዘላቸው ሰፊ ጫማ ማሰሪያው በመንገድ ይፈታል፤ እሳቸው ማጎንበስ አይችሉም። ስለዚህ ደረጃው ሥር ተንበርክኬ አስርላቸዋለሁ። ዘጠና ስምንት ኪሎ ሳለሁ እንዲህ ማጎንበስ አልችልም ነበር። በጫማው ጨርቅ ላይ፣ ሁለቱ ጣቶች በነበሩበት ቦታ፣ እጄ ባዶውን ያገኘዋል፤ ሁልጊዜ ያገኘዋል። እሳቸው ከላይ ትንፋሼን ያዳምጣሉ።

«ዛሬ ታለከልኪያለሽ» ይላሉ። «ምን በላሽ? እውነቱን።»

እነግራቸዋለሁ።