ራይሊ ካሜራ የተለማመደችበት ፊት

ራይሊ ካንጋስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበረች። በእኛ አገር በረዶው ከመኪና ጣሪያ በላይ በሚቆለልበት ወቅት የሰው ልጅ ጭኖ ከሐይቁ ዳር ያንን ዳገት መውጣት ቀልድ አይደለም፤ እሷ ግን አንድም ልጅ ሳይቧጨርባት ነድታ ጡረታ ወጣች። ባልደረቦቿ ሲሸኟት አዋጥተው ዲጂታል ካሜራ ሰጧት። ሌንሱ የሚነቀል፣ ከላዩ የሚሽከረከር መዘውር ያለው፣ ደህና ካሜራ። እሷ እስከዚያ ቀን የምታውቀው ፊልሙ ሲያልቅ ከነቀፎው ለአጣቢ የሚሰጠውን የካርቶን ካሜራ ብቻ ነበር።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ። ከእኔ ቤት ማዶ የእሷ፣ ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ የታናሽ እህቷ የሄልሚ ቤት ነው። የዚያን የበረዶ ወራት ነገር አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ሁለቱም እየተሻሙ ነግረውኛል።

መጀመሪያ ያስቸገራት በረዶው ነበር። ደጃፏ ላይ ቆማ ያንን ዓይን የሚያጭበረብር ነጭ ታነሳለች፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን ምድጃ ውስጥ ያደረ አመድ ነው። «የተበላሸ ነው የሰጡኝ፣ ምስኪኖች፣ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?» ብላ ስትጨነቅ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለጀማሪዎች የፎቶ ትምህርት እንዳለ ነገርኳትና አብረን ሄድን። እኔ ካሜራም የለኝ፤ የሄድኩት ለወሬው ነው።

አስተማሪው ዱዌን ስቲማክ፣ ለጋዜጣ ፎቶ ሲያነሳ ያረጀ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ ሰው ነው። ከራይሊ ጋር በልጅነት አንድ ክፍል ተምረዋል። አመዳሙን በረዶ አይቶ ሳቀ።

«ካሜራሽ ደህና ነው፤ ብቻ ፈሪ ነው። ነጭ ሲበዛበት ይደነግጥና ያጠቁረዋል። አረንጓዴው ምልክት ላይ እስካለ ድረስ የሚያስብልሽ እሱ ነው። ራስሽ ማሰብ ካማረሽ ወደዚህ አዙሪው» ብሎ መዘውሩን «ኤም» የምትለዋ ፊደል ላይ አመጣላት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጥፋቱ ሁሉ ያንቺ ነው።»

ከዚያ ለሁላችንም ማስረዳት ጀመረ። ሌንሱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ምን ያህል ይከፈት? ሸተሩ፣ ማለት መጋረጃው፣ ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ ይቆይ? አይኤስኦ የሚሉት ደግሞ ካሜራው ብርሃን ለመቀበል ምን ያህል ስስ ይሁን የሚለው ነው። አንዱን የነካ ሌላውን ማካካስ አለበት። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ካሜራቸውን ቀስ ብለው ወደ ቦርሳቸው መለሱ። ራይሊ ግን ፊቷ በራ።

«ፍሪሲዮን፣ ማርሽና ነዳጅ በለኛ!»

«ምን?» አለ ዱዌን፤ በማይሰማው ጆሮው በኩል ነበረች።

«የድሮዋ አውቶቡሴ ነች!» ብላ ጮኸችበት። «አንዱን ስትለቅ ሌላውን ካልረገጥክ ቀጥ ትልብሃለች!»

«እሷው ነች። ልዩነቱ ካሜራ ላይ ልጆች አልተጫኑም። እንደ ፈለግሽ አጋጪው።»

እሷም አጋጨችው። ውሻዬን አንስታ ጅራት ብቻ ያለው ጭስ አድርጋ አሳየችኝ። የቤተ ክርስቲያናችንን ደወል ቤት ሙልጭ አድርጋ ነጭ ወረቀት አደረገችው። ቢሆንም ወደ ገና ሲቃረብ በረዶዋ በረዶ መሰለ፤ ጥላው ሰማያዊ፣ ጫፉ የሚያብለጨልጭ። ያን ቀን በሬን የደበደበችበት ደስታ፣ ሎተሪ የወጣላት ነበር የሚመስለው።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌዎች አርቪድና ኤልና የተጋቡበትን ኀምሳኛ ዓመት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሲያከብሩ «ፎቶውን ራይሊ ታንሳልን» አሉ። ልጆቻቸው ከየአገሩ ተሰብስበዋል። ራይሊ ጠዋት ሐይቁ ዳር በጠራራ ፀሐይ በረዶ ስታነሳ ቆይታ መጥታለች፤ ካሜራውንም ለዚያ ፀሐይ እንዳስተካከለችው ትታዋለች። መነጽሯን ደግሞ ቤት ረስታለች። ስክሪኑ አይታያትም፤ እሷ ብቻ ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። ኬኩ ተቆረሰ፣ ሽማግሌዎቹ ተሳሳሙ፣ ልጆቹም በየመኪናቸው ገብተው ሄዱ። ማታ ቤቷ ገብታ ብታየው ሁሉም ጥቁር ነው።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ኤልና ራሷ እያጽናናቻት «ግድ የለም ልጄ፣ አርቪድ እንደሆነ በጨለማ ነው የሚያምረው» አለቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሄልሚም «መዳብ ማውጫው ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ የደገሱት?» ብላ ጨመረችበት። ራይሊ አብራ ሳቀችና ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ካሜራውን በሳጥኑ ከትታ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለችው። በሚቀጥለው ትምህርት ዱዌን «ሹፌሯስ?» ሲለኝ «ጉንፋን ይዟታል» አልኩት።

ስለ ሄልሚ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሕፃን ሳለች ሳውና በሚባለው የእንፋሎት መታጠቢያ ውስጥ አዳልጧት በጋለው ምድጃ ላይ በግራ ጉንጯ ወድቃለች። ጠባሳው ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ ይወርዳል። ከሰው ጋር ተጫዋች ነች፣ ምላሷም አያርፍም፤ ፎቶ ሊነሳ ነው ሲባል ግን ዕቃ ልታጥብ ትሄዳለች። የቤተሰቡን አልበም ብታገላብጡት ሄልሚ የምትባል ልጅ በዚያ ቤት ያደገች አትመስልም። ራይሊም አንድ ቀን እንኳ «ነይ ቁሚ» ብላ አስቸግራት አታውቅም።

እንግዲህ ይህች ሄልሚ ናት አንድ ከሰዓት በኋላ እህቷ ቤት መጥታ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ሳጥን ራሷ ያወረደችው።

«ውሰጂና በእኔ ተለማመጂ።»

«በማን?»

«በእኔ አልኩሽ እኮ! እኔ ሊጥ እዳምጣለሁ፣ አንቺ ታነሻለሽ። እኔን ብታበላሺ ማንም አይከፋውም። ግን አሳይተሽኝ ወዲያው ታጠፊዋለሽ። አንድም አይቀርም።»

ራይሊ ሳጥኑን ተቀብላ ካሜራውን ማውጣት ጀመረች። በኋላ ስትነግረኝ «አፌን ብከፍት አለቅስ ነበር፤ ባለቅስ ደግሞ ሐሳቧን ትቀይር ነበር» አለችኝ።

በዚያው ቀን ሄልሚ ወጥ ቤት ውስጥ ጀመሩ። ሄልሚ ሥጋና ድንች የምታጭቅበትን ፓስቲ ስትሠራ፣ ሄል ያለውን ዳቦ ስትጎነጉን፣ ራይሊ በወንበሮቹ መካከል እየተሹለከለከች ታነሳለች። በፍላሽ ስታነሳት ጠባሳው እንደ ቆርቆሮ አብለጨለጨ፤ ሄልሚ አየችና ፊቷን ሳታዞር «አጥፊው» አለች። ፍላሹ ቀረ። እጇ ሲፈጥን ምስሉ ይተራመሳል፤ መጋረጃውን አፈጠነችው። ጨለመባት፤ ቀዳዳውን ከፈተችው። አሁንም አልበቃ ሲል አይኤስኦውን ከፍ አደረገችና ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። ዱዌን ጋ ሮጣ ሄደች። «ለምን ሴትዮዋን ወደ መስኮቱ አታስጠጊያትም?» አላት፤ ማን እንደሆነች አልጠየቀም።

ሄልሚ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ጎትታ ተቀመጠች። ውጪ በረዶ እየጣለ ስለነበር ብርሃኑ ለስለስ ብሎ በጎን ይገባል። ራይሊ ሳትቸኩል ቀዳዳውን፣ መጋረጃውን፣ አይኤስኦውን አንድ በአንድ አስተካክላ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ካሜራውን አነሳች።

«ዱዌን ስቲማክ አሁንም ፀጉሩን ቀለም ይቀባል?» አለች ሄልሚ።

«በጫማ ቀለም ሳይሆን አይቀርም» ስትላት ሄልሚ አንገቷን መለስ አድርጋ ሳቀች። ቀጭ።

እንደ ልማዳቸው ስክሪኑን አቀረበችላት። ሄልሚ በዱቄታም ጣቷ ማጥፊያዋን ልትጫን ሄዳ ቆመች። ካሜራውን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ራይሊ... ይቺ እማዬ ናት እኮ።»

ራይሊ ጎንበስ ብላ አየች። እውነትም እናታቸው ናት፤ ግንባሯ፣ ስትስቅ የሚጠበው ዓይኗ፣ አገጯ ሳይቀር። ጠባሳውም በቦታው አለ፤ ማንም አልደበቀውም።

«እኔ እማዬን እመስላለሁ? እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም።»

«ሁሌም ትመስያታለሽ። የምታውቂ መስሎኝ።»

«ከየት አውቃለሁ?» አለች ሄልሚ። መስታወት ፊት ስትቆም ዓይኗ የሚሄደው ወደ ጉንጯ ብቻ እንደነበር ያን ቀን ተናገረች። ከዚያ ሁለቱም ዱቄቱ መሐል ተቀምጠው አለቀሱ። ፓስቲው አረረ፤ ሽታው እኔ ቤት ድረስ ስለመጣ ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ በቤት ጫማዬ በረዶውን እየረገጥኩ ሮጥኩ። በሩን ብከፍት እነሱ ይስቃሉ። ያቺን ፎቶ ያየኋት ያኔ ነው፤ ዱቄት የነካው ስክሪን ላይ።

ፎቶዋ አልጠፋችም። ታትማ ሄልሚ ሳሎን ውስጥ ከእናታቸው ፎቶ አጠገብ ተሰቅላለች። ሄልሚም እንግዳ በመጣ ቁጥር «ከሁለታችን ማን ታምራለች?» እያለች ታስጨንቃለች። ፋሲካ ላይ የአርቪድና የኤልና ልጆች ሲመለሱ ራይሊ እንደገና አነሳቻቸው፤ ምድር ቤት ሳይሆን በረንዳው ላይ፣ መነጽሯን አድርጋ። አሁን ደግሞ አርቪድ «ይሄን ያህል ማርጀቴን ማወቅ አልነበረብኝም» ብሎ አኮረፈ።

ራይሊ አንድ ቀን ሄል ያለውን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ለዱዌን ወሰደችለትና ፎቶዋን አሳየችው። ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አያት። ስለ ቀዳዳውም ስለ መጋረጃውም አልጠየቃትም።

«እኔን አታመስግኚኝ» አላት። «ፊቷን የሰጠችሽን አመስግኛት።»

«እሷማ እኔን ነው የምታመሰግነው» አለች ራይሊ፤ «ጠዋት ማታ። ዝም በይ ብላት እንቢ አለችኝ።»