ኪታብ እና ክታብ

ሚሌኒየሙን ባከበርን በዓመቱ፣ በስደት አገር፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ በሚገኝ መጋዘን ካርቶን ሳሽግ አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ ነበሩ። በኡርዱ ልብ ወለድ ይጽፋሉ፤ በምሳ ሰዓት ደብተራቸውን ዘርግተው ከቀኝ ወደ ግራ ይሞሉታል። የምንግባባበት እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም፣ እኔ በልቤ አንቱ እላቸው ነበር።

አንድ ቀን ፊታቸው በርቶ «ኪታቤ ደረሰልኝ!» አሉኝ። ክታብ በእኛ አገር በሽተኛ አንገቱ ላይ የሚያስረው መድኃኒት ነውና ደንግጬ «ለምን ዓይነት በሽታ ነው?» አልኳቸው። በሳቅ ፈነዱ። ከቦርሳቸው ያወጡት በስማቸው የታተመ መጽሐፍ ነበር፤ ለካ በእነሱ ቋንቋ ኪታብ ማለት መጽሐፍ ኖሯል።

«አንተስ ትጽፋለህ?» ሲሉኝ እንደ ልማዴ «እንዲያው እሞነጫጭራለሁ» አልኩ። ሳቃቸው ጠፋ። «አሥር ሰዓት ቆመህ ውለህ፣ ከእንቅልፍህ ቀንሰህ የምትጽፈውን ነው እንዲህ የምታቃልለው?» ብለው ተቆጡኝ።

በማግስቱ፣ ሦስት ዓመት የደበቅኩትን የአማርኛ ደብተሬን ይዤ ገባሁና ሰው ሁሉ እያየ የምሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ሽማግሌው አየት አድርገው «ይኼስ ለምን ዓይነት በሽታ ነው?» አሉኝ።

«ለዕፍረት» አልኳቸው። «ድኛለሁ።»