የጢም መከላከያዋ

አክስቴ ኦርፋ፣ በአሜሪካዋ ኬንታኪ የብርድ ልብስ ስፌት ውድድር ሲኖር አትቀርም። በቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ አሮጌ ብርድ ልብስ ካየች ልቧ ይጠፋል። ዘንድሮ እናቷ የሰፋችውን ይዛ ቀረበች።

ዳኛዋ በነጭ ጓንቷ እየነካካች፣ ላይኛው ጠርዝ ላይ የተደረበችውን ስስ ጨርቅ አየች።

«እማማ፣ ይቺ ነገር ውበቱን ገደለችው። ይፍቷትና አንደኛ ይሆናሉ።»

«አትፈታም!» አለች አክስቴ። «አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። አባቴ ጢሜን አልላጭም አለ። እናቴም ጢምህ ብርድ ልብሴን እንዳያቆሽሽ ብላ ይቺን ደረበችበት። እሱም ሳይላጭ፣ እሷም ሳትፈታ፣ አንድ አልጋ ላይ አብረው አረጁ።»

ብርድ ልብሱን ከመስቀያው አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«ታዲያ የእነሱ ልጅ ሆኜ፣ ለአንቺ የሽልማት ሪባን ልሸነፍ?»