በሁለት ፈሰስ የተቆፈረ ገደል

ባለፈው ሳምንት ለአጎቴ ለጋሼ አለልኝ ለቅሶ ከእንጅባራ ባጃጅ ይዤ ስሄድ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበርና የቀዩ አፈር ሽታ በጎን በኩል እየገባ አፍንጫዬን ሞላው። ሣር የለበሰ መስክ ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ዞር ብሎ «ድሮ እዚህ ገደል ነበር አሉ» አለኝ። ለእኔ ነው እንግዲህ የሚነግረኝ። ገደሉን ከነቆፋሪዎቹ አውቀዋለሁ፤ አንዱ አባቴ ነው፣ ሌላው ለቅሷቸውን ልደርስ የምሄድላቸው አጎቴ።

የሁለቱ ወንድማማቾች መሬት ጎን ለጎን ነበር። እኔና የጋሼ አለልኝ ልጅ ጥሩዬ ያደግነው በማን ቤት ምሳ እንደበላን ሳይታወቅ፣ አንዷ ስታጠፋ ሌላዋ እየተገረፈች፣ አንድ ጋቢ ውስጥ እየተራገጥን ነው። የእኛ አገር ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ገበሬው ዘሩ እንዳይታጠብበት ማሳው ላይ ፈሰስ የሚባል ቦይ ያወጣና ጎርፉን ያሸሻል። ወዴት ይሽሽ ነው ጣጣው። አባቴ የድንቹን ማሳ ፈሰስ ወደ ድንበሩ መለሰው፤ ጋሼ አለልኝም የገብሱን ወደዚያው መለሱት። መጀመሪያ ዘለን የምንሻገራት ቦይ ነበረች፤ ውላ አድራ ግን ላም ገብታ የማትወጣበት ገደል ሆነች። ሽማግሌ ሲላክ አባቴ «ታላቅ እሱ ነው፣ እሱ ይጀምርና ይድፈን» ይላል፤ ጋሼ አለልኝ ደግሞ «ታናሽ አይደለም እንዴ፣ እሱ ይጀምር» ይላሉ። አያታችን አማርኛው አልበቃ ሲላት በአዊኛ ስትራገም ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ይሰሟትና በማግሥቱ ፈሰሳቸውን ይጠርጋሉ።

ጥሩዬን ግምጃ ቤት ከተማ ከእናቷ ዘመዶች ዘንድ ሆና እንድትማር ሰደዷት። የምትመጣው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ነው፤ ገደሉም የሚሰፋው ያኔው ነው። ከቤት ቤት መሄድ ተከልክለን ስለነበር ወዲያና ወዲህ ማዶ ቁጭ ብለን እየጮህን እንጫወታለን፤ እኔም ቆሎ በጨርቅ ቋጥሬ እወረውርላታለሁ። አንድ ክረምት የወረወርሁት ሳይደርስ ቀረና ጎርፉ ይዞት ሄደ። ሌላ ቋጥሬ ወረወርሁ፤ እሱም አልደረሰም። ጥሩዬ «ተይው በቃ፣ ጠግቤያለሁ» አለችኝ። ውሸቷን ነው። እኔ ግን እስኪመሽ አለቀስሁ።

በዚያው ዓመት የጂኦግራፊ መምህራችን ባሕረ ሰላጤ ማለት ባሕር የብሱን ሰርስሮ የሚገባበት ቦታ ነው ብለው ሲያስረዱን እጄን አወጣሁና «የሚደፍነው ሰው የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ስቀው «ባሕርን ማን ይደፍነዋል፣ ልጄ?» አሉኝ። እኔ የጠየቅሁት ስለ ባሕር አልነበረም፤ ማስረዳቱ ግን አሳፈረኝና ተቀመጥሁ።

አባቴ ሲሞት ጋሼ አለልኝ በላይኛው መንገድ ዞረው መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ደረታቸውን እየመቱ «እኔ ብጀምር ምን ነበረበት» እያሉ ሲያለቅሱ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ጥሩዬ ያኔ ዓረብ አገር ስለነበረች አልተገናኘንም፤ እኔም ዳንግላ አግብቼ ቀረሁ። ገደሉን በኋላ የቀበሌው ሰው ወጥቶ በእርከንና በሣር ደፈነው። ሲያዩት ይህን ያህል ከባድ ሥራም አልነበረም፤ ይኸ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ።

ለቅሶ ቤቱ ስገባ ጥሩዬ ተነሥታ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ዓረብ አገር አክስሏታል፣ ፀጉሯም ሸብቷል፤ በመንገድ ባገኛት አላውቃትም ነበር። ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ጉልበቷ ጉልበቴን ይነካል። ያን ሁሉ ክረምት ማዶ ሆኜ የምመኘው ይህንኑ ነበር። ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና፣ እንግዳ ሰው በሚጠየቅበት ድምፅ፣ «ልጆች አሉሽ?» አለችኝ።

«አሉኝ» አልኋት። የእሷን ልጠይቅ አፌን ከፈትሁና፣ አልወለደች ይሁን፣ ወልዳ ሞተውባት ይሁን ስለማላውቅ፣ ፈርቼ ዘጋሁት።