በሰሜኑ ግድግዳ ሥር የሚቆመው ሰረገላ

ፑንጋቫናም ፀጉሯ እስኪሸብት የኖረችው በወንድሟ ቤት ነው። የተዳረችው ለድንጋይ ነዋ።

በደቡብ ሕንድ፣ በካቬሪ ወንዝ ዳር ያለው የመቅደሳቸው የበር ግንብ ሲሠራ፣ ቀን የተገነባው ማታ እየፈረሰ አስቸገረ አሉ። ዐዋቂ ነን ባዮች ደም ይፈልጋል ብለው ፈረዱ። ዋናው ግንበኛም የገዛ ልጁን በሰሜኑ ግድግዳ ውስጥ አቁሞ የመጨረሻዋን ድንጋይ በእጁ ገጠመባት። ግንቡ ቆመ። እስከ ጫፉ አማልክትና ጭራቅ ተቀርጾበት፣ ሰው ሁሉ አንገቱን አንጋጦ ያደንቀዋል። ከሥር ስላለችው የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በበዓሉ ቀን፣ እናቲቱ የሚሏትን የመቅደሱን እንስት አምላክ ምስል የጫነው ቤት የሚያህል ሰረገላ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከግንበኛው ዘር የሆነች ሴት ጆሮዋን ከድንጋዩ ለጥፋ ፈቃድ ትጠይቃለች። “ሂዱ ብላለች” ስትል ይንቀሳቀሳል። ጠያቂቱ ባል አታገባም፤ በልጅነቷ ከግድግዳው ጋር የሚያጋባትን፣ በቢጫ እርድ የተነከረ ክር ያስሩላታል፣ በቃ። ለቤተሰቧ ሩዝ ከመቅደሱ ይሰፈራል። ይህንን ነው ሳያፍሩ ክብር የሚሉት።

ፑንጋቫናም ከድንጋዩ አንዲት ቃል ሰምታ አታውቅም። ጆሮዋ ላይ የሚቀረው ቅዝቃዜው ብቻ ነበር። እሷ ስላረጀች ዘንድሮ ክሩ ለወንድሟ ልጅ ለኩዪሊ ሊታሰር ነው። ኩዪሊ “አክስቴ፣ ባልሽ ያንኮራፋል?” እያለች ታሾፍባት ነበር። ሰሞኑን ማሾፉን ትታለች።

ወንድሟ ማሲላማኒ ከሰረገላው መንኮራኩር ሥር የእንጨት ሽብልቅ እየወረወረ የሚያቆመውና የሚያዞረው ሰው ነው፤ አባታቸውም እንደዚያው ነበር። ስለዚህ ፑንጋቫናም የመቆሙን ሚስጥር የምታውቅ ይመስላት ነበር። በበዓሉ ጠዋት ሄደችና፣

“ዘንድሮ ግድግዳው ጋ ሽብልቁን አታስገባ። ዝም ብሎ ይለፍ። ካልቆመ ጠያቂ አያስፈልግም፣ ልጅህም ትተርፋለች” አለችው።

ማሲላማኒ ሽብልቁን ዘይት መቀባቱን ተወ። “የቱን ሽብልቅ?”

“አታላግጥብኝ።”

“እትዬ፣ እዚያ ሽብልቅ አስገብቼ አላውቅም። አባባም አላስገባም። እኔ ደግሞ አንቺ የምታውቂው ነገር ያለ ነበር የሚመስለኝ።”



እኩለ ቀን ላይ፣ ከበሮው እየተደለቀ፣ ሰረገላው ግድግዳው ጋ ሲደርስ ቆመ። ፑንጋቫናም ጎንበስ ብላ ከመንኮራኩሩ ሥር አየች። አቧራ ብቻ ነው። ኩዪሊ ፊቷን እርድ ተቀብታ ከካህኑ አጠገብ ቆማለች፤ ክሩ በካህኑ እጅ ነው።

ፑንጋቫናም የምትለውን አዘጋጅታ ነበር። ጆሮዋን ስትለጥፍ ግን ከውስጥ ጥፍር ድንጋይ ሲቧጥጥ ሰማች። ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ፣ ልክ ጆሮዋ ያረፈበት ቦታ ላይ። እንደምንም ቀና ብላ፣

“ከእንግዲህ ለሌላ ልጅ ክር አትሰሩ፣ ሂዱ ብላለች” አለች።

ካህኑ ልማዱ እንዲህ እንደማይል ነግሮ ድገሚው አላት። ያንኑ ደገመች። ወንዶቹ እጃቸው እስኪላላጥ ገመዱን ጎተቱ፤ ሰረገላው ንቅንቅ አላለም። አንዱ ጎታች “አሮጊቷ ባሏን ላለማጋራት ነው!” አለና ሕዝቡ ሳቀ። ሳቁ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቁጣ ዞረ። ገመዱን መሬት ላይ ጥለው ማሲላማኒን ከበቡት፤ ለልጅህ ክሩ ይታሰርና ወደየቤታችን እንግባ አሉት። ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ኩዪሊን አዝለው ያሳደጉ።

ማሲላማኒ ክሩን አየ፤ ልጁን አየ። የመጨረሻዋን ድንጋይ የገጠመው አባት ነበር። ፈቃድ እንዲለምኑ ሲላኩ የኖሩት ግን ሴቶች ናቸው፤ አንድም አባት ይህን ግድግዳ አናግሮ አያውቅም። ሽብልቁን ጥሎ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ጆሮውን ሳይሆን አፉን ከድንጋዩ አስጠጋ።

“ልጄን ወደ ቤቷ ልወስዳት ነው” አለ። “አንቺንም አባትሽ ሊወስድሽ ይገባ ነበር። ይቅር በይን።”

መቧጠጡ ቆመ። ከኋላቸው መንኮራኩሩ አቃሰተ። ገመዱ አቧራው ላይ እንደተጋደመ፣ አንድም እጅ ሳይነካው፣ ሰረገላው ተንቀሳቀሰ። ከበሮ መቺዎቹ እጃቸው ደረቀ። ካህኑ ክሩን ጥሎ ከኋላው ሮጠ።

ፑንጋቫናም ጆሮዋን እንደገና ለጠፈች። ውስጡ ሰው የለቀቀው ቤት ይመስል ነበር።

ሩዙ በማግስቱ ተቋረጠ።