የታጠበ ጭስ

ባለቤቴ ወፍጮውን ከእኔ አስበልጦ ይወድ ነበር። ይህን ስለው ይስቃል፤ ሲስቅ ደረቱ እያፏጨ ሳሉ ይነሣና ሳቁን ያቋርጠዋል። ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ነበረን። ጥቁር ጭሱ ጣሪያውን ዞሮ በመስኮት ተመልሶ ይገባል። ድምፁ ቁልቁል እስከ ሩቅ መንደር ይሰማል፤ የዚያ ሴቶች ገብሳቸውን አህያ ላይ የሚጭኑት ሞተራችን መምታት ሲጀምር ነው።

በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ትራክተር በአርሲ ሜዳ በበዛበት ጊዜ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር የባለቤቴን ደረት አዳመጠና ከጭሱ ካልራቀ መጪውን ክረምት እንደማይወጣው ለእኔ ለብቻዬ ነገረኝ። እንባ እንኳ አልመጣልኝም። ባለቤቴን ሥራውን ተው ስለው፣ ወፍጮውን ማን ያዞረዋል ብሎ ዘጋኝ።

በዚያው ሰሞን ትራክተር ሊጠግኑ የመጡ አንድ አዛውንት መካኒክ ስንዴ ሊያስፈጩ ገቡ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ምጽዋ፣ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ዱቄቱን ትተው ጭሱን ሲያዩ ቆዩና፣ ለምን አታጥቡትም አሉን።

«አባባ፣ ጭስ ደግሞ ይታጠባል?» አልኳቸው። ሽማግሌው ጃጅተዋል ብዬ ነበር።

መርከብ ላይ ጭሱን በባሕር ውሃ ውስጥ እናሳልፈው ነበር፣ ሳንባ ውስጥ የሚገባው ጥላሸት ውሃው ውስጥ ይቀራል አሉኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ሳላየው አከበርኩት።

መጀመሪያ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል ፈተው አጸዱ፤ ጭሱን የሚያጠቁረው በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው ብለው። ከዚያ የጭሱን ቱቦ ውሃ ወዳለበት በርሜል አዞሩት። አፉ ውሃው ውስጥ ጣት ያህል ብቻ ገባ፤ ከዚያ ካለፈ ሞተሩ ይታፈናል አሉ። በርሜሉን ከድነው ሌላ ቱቦ ወደ ውጭ አወጡለት።

ሞተሩ ሲነሣ ውሃው እንደ ሽሮ ተንተከተከ፤ በላይኛው ቱቦ የወጣው ሳሳ ያለ ነጭ እንፋሎት ነበር። የሞተሩም ድምፅ ውሃው ውስጥ ስለረገበ፣ ዱቄት ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ክዳኑን ከፍተን እጄን ብነክር እስከ አንጓዬ ጠቆረ። ይህ ሁሉ ባለቤቴ ደረት ውስጥ ሲገባ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ የቅርብ ጎረቤት ብቻ መምጣት ጀመረ፤ የሩቆቹ ቀሩ። ባለቤቴ በርሜሉን ልፍታው እያለ ይነጫነጫል፣ እኔ አላስጠጋውም።

በአሥረኛው ቀን ከታች መንደር ሰዎች መጡ፤ ገብስ አልያዙም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። የባለቤቴን ሳል ያውቁ ስለነበር ሞተሩ ዝም ሲል፣ ጭሱም ሲጠፋ፣ ሞቷል ብለው ነው። አንገቴን አቅፈው አለቀሱ።

ጩኸቱን ሰምቶ ባለቤቴ ዱቄት ለብሶ ወጣ። ለቅሶው ቀጥ አለ። በየሳምንቱ ገብስ የሚያመጡት አሮጊት ብቻ ወደ እሱ ሄዱና ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጠፉ። ከድሬሰሩ ይልቅ እሳቸውን ፈራሁ።

«ልጄ፣ ተንፍስ» አሉት በኦሮምኛ። ተነፈሰ። «እንደገና።» ተነፈሰ።

«ፉጨቱ የለም» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለለቅሶ የመጡትም መሬት ላይ ተቀምጠው አብረውኝ አለቀሱ።