ጡሩምባው እስከሚሰማበት

ማዶም ሰፈር ነው ተባለ! ዛሬ ጠዋት የእድሩ ሊቀመንበር እናቴ ስልክ ላይ ደውለው «ልጅሽ የሣለችውን ካርታ ጉባኤው ተቀብሎታል፤ ከነማዶው» አሏት። እናቴ ስልኩን ዘግታ በርበሬዋን መንፋት ቀጠለች። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ድልድዩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ይህንንም ግማሹን የምጽፈው ቆሜ ነው።

ማዶ የሚባለው እኛ ነን። ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ ከታክሲው ፌርማታ ቁልቁል ሲወረድ ትንሽ ወንዝ አለ። ማለቴ፣ ክረምት ላይ ነው ወንዝ የሚሆነው፤ በጋ ላይ ቦይ ለመባልም ያፍራል። ከሱ በላይ ያሉት «ሰፈር» ናቸው፤ ከሱ ወዲህ ያለነው ጥቂት ቤቶች «ማዶ»። እናትና አባቴ ከደቡብ ምዕራብ መጥተው ይሄን ቤት የሠሩት እኔ ሳልወለድ ነው። ቢሆንም ትምህርት ቤት ሰፈሬን ስናገር አንዱ አያጣም፤ «አንቺ የማዶ አይደለሽ እንዴ!» ይለኛል።

እሱስ ይሁን። ዋናው ነገር ለቅሶ ነው። ድሮ ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በማለዳ እየዞረ ይለፍፍ ነበር። የጡሩምባ ድምፅ ወንዝ አያግደውም፤ እኛም ቤት ይገባል። እናቴ አባል ባትሆንም ሰምታ ቀርታ አታውቅም። አሁን እድሩ የሚናገረው በስልክ ግሩፕ ነው፤ ግሩፑ ውስጥ ደግሞ ማዶ የለም። ባለፈው ክረምት ከድልድዩ በላይ የነበሩ፣ ከእናቴ በቀር ከማንም በርበሬ የማይገዙ አንዲት እናት አረፉ። እናቴ የሰማችው ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ገበያ ላይ ነው። «ምን ፊት ይዤ ነው በደጃቸው የማልፈው?» አለች። ከዚያ ወዲህ ወደ ገበያ የምትሄደው በታችኛው መንገድ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሆነ።

በዚህ መሀል የእንግሊዝኛ መምህራችን በእንግሊዝ አገር ስላለች አንዲት ትንሽ የገጠር አጥቢያ የተጻፈ ገጽ አባዝቶ ሰጠን። ኮረብታዋ፣ ጅረቷ፣ ቤተ ክርስቲያኗ፣ እርሻዎቿ። በቃ፣ ምንም አይከሰትም! አጠገቤ ያለችው ልጅ «ይሄ እንቅልፍ ማምጫ ነው» አለችኝ። እኔን ግን አንድ ነገር ቀሰቀሰኝ፦ ሰዎቹ በዓመት አንዴ ተሰብስበው የአጥቢያቸውን ድንበር በእግር ይዞራሉ፤ ልጆቻቸው እንዳይረሱት።

«እናንተም የሰፈራችሁን እንደዚህ ጻፉ» አለን።

«ቲቸር፣ ድንበሩ የት እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«እሱን አንቺ ንገሪን!»

ልጠይቅ ወጣሁ። የሰፈራችን ሰው እኮ አቅጣጫ የሚናገረው በሌለ ነገር ነው። «ወፍጮው ጋ ትታጠፊያለሽ» ይሉኛል፤ ወፍጮው ፎቅ ከሆነ ቆይቷል። «ከባህር ዛፉ በታች» ይሉኛል፤ ከባህር ዛፉ የቀረው የፌርማታው ስም ብቻ ነው። ሊቀመንበሩን ስጠይቃቸው «ድንበሩ ወንዙ ነው፤ አለቀ» አሉኝ። እግሬ ዝም ብሎ መቆም ስላልቻለ፣ ላይኛው ጥግ ወደሚኖሩት ወደ ድሮው ጡሩምባ ነፊ ሄድኩ።

እሳቸውም ቢሆኑ አይጨበጡም። አንድ ቀን «ይሄ ሁሉ ገብስ ነበር፤ ሲመሽ ጅብ ነው የሚዞረው» አሉኝ። በሌላው ቀን ገብሱ ባቄላ ሆነ። «አባባ፣ ትናንት ገብስ ብለውኝ ነበር እኮ!» ስላቸው «አንቺ ልጅ፣ ገበሬ ሁሌ አንድ ነገር ይዘራል ያለሽ ማነው?» ብለው ተቆጡኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን የማልጠይቀውን ጠየቅኩ። «ጡሩምባው እስከ የት ነበር የሚሰማው?»

«ከምትጨቀጭቂኝ» አሉና አልጋቸው ሥር ገብተው ጡሩምባውን አወጡ። አቧራውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነፉት።

ሁለታችንም ያላሰብነው ነገር መጣ። በሮች ተከፈቱ። ሴቶች ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው እየሮጡ ወጡ። ጎረምሶቹ የእድሩን ድንኳን ሊያወጡ ወደ መጋዘኑ ሮጡ። አንዷማ ማን እንደሞተ ሳታውቅ «ወይኔ!» ብላ ጀምራለች።

«ማን ነው? ማን ሞተ?»

«ጡሩምባ ነፊው ናቸው መሰለኝ፤ አርጅተዋል እኮ።»

«እኔማ ይኸው ቆሜ የለም እንዴ! አንቺ ብቻ ቅበሪኝ!» አሉ ሽማግሌው።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «ማንም አልሞተም፤ የትምህርት ቤት ሥራ ነው!» ብዬ ስጮህ ሳቁም ቁጣውም አንድ ላይ ፈነዳ። በዚያ መሀል እናቴን አየኋት። ሽቅብ እየሮጠች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇ በበርበሬ እንደቀላ፣ የቀሚሷ ጫፍ በወንዙ ውኃ ርሶ። ድልድዩ ድረስ እንኳን አልዞረችም።

ሊቀመንበሩ የደረሱት ከሷ በኋላ ነው፤ የጫማቸው ክር ገና አልታሰረም። ከሴቶቹ አንዷ «ሊቀመንበር፣ ወንዝ ተሻግራ የመጣችው ቀደመችዎት እኮ!» ስትላቸው ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ወደ እናቴ እግር አዩ፤ ወደ ቁልቁለቱ አዩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ከሰዉ መሀል ክረምት ላይ ያረፉትን የበርበሬ ደንበኛዋን ልጅ አይታ ነበር። ቀጥ ብላ ሄዳ አቀፈቻት። «እግዜር ያጽናሽ። አልሰማሁም ነበር» አለቻት።

«አውቃለሁ እኮ፤ ማን ነግሮሽ!» አለች ልጅቷ፣ እያለቀሰች። ስለዚህ ያን ቀን፣ ሰው ሳይሞት፣ አንድ ለቅሶ ተለቀሰ።

ቤት ገብቼ ካርታዬን እንደገና ሣልኩት። ድንበሩን ያደረግኩት ወንዙ ላይ ሳይሆን በጡሩምባው የወጣው ሰው የመጨረሻ በር ላይ ነው። ገብሱንም ባቄላውንም ጻፍኩ። መምህሬ ካየው በኋላ ለሊቀመንበሩ ሰጠኋቸው፤ «ለጉባኤው አቀርበዋለሁ» ብለው ወሰዱት። ከዚያ እስከ ዛሬ ጠዋት እንዴት እንደቆየሁ አትጠይቁኝ። አሁን እናቴም ግሩፑ ውስጥ ገብታለች። ስልኳ ጢው ባለ ቁጥር ትደነግጣለች። ዛሬ ግን ወደ ገበያ የሄደችው በላይኛው መንገድ፣ በሟቿ ደጃፍ አልፋ ነው።

የፊታችን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንበሩን በእግራችን ልንዞር ነው። ከፊት ሽማግሌው ጡሩምባቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው እኔ ካርታዬን ይዤ። እናንተም ኑ። ማንም አልሞተም፤ ነጠላችሁን አታዘቅዝቁ። ከዚህኛው ወገን ሁኑ ከዚያኛው፣ ድምፁ ከደረሳችሁ ተጠርታችኋል።